ጣት የሚያውቀው ድንበር

መሕቡባ ኩዌት በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ማዳሟን ፈርታ አታውቅም። የምትፈራው መንገድ ነበር። ከከተማው ወጥቶ፣ ባሕሩን በግራ ይዞ፣ አቡ ሐሊፋን አልፎ እስከ ሳዑዲ ድንበር የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና። ማዳም አንዳንድ ዓርብ እናቷን ባሕር ልታሳይ ወደዚያ ስትነዳ፣ መሕቡባ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ የድንበሩ ስም ብቅ ሲል ዓይኗን ወደ ጭኗ ትመልሳለች። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በኩዌት ምድር አልነበረም። እሷም ለማንም ልትናገር አላሰበችም፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ ኮንትራቷን ልትጨርስ ነበር።

ማዳሟ አንፋል ትባላለች። ባሏን ፈትታ ሰልዋ በሚባለው ሰፈር ከአሮጊት እናቷ ከማማ ሉልዋ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንፋል ዐሥራ ስድስት ዓመት ሚርቃብ በሚባለው የከተማው ክፍል የአውሮፕላን ትኬት ሸጣለች፤ የኩዌትን ግማሽ ወደ ለንደንና ወደ ባንኮክ የላከችው እሷ ናት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ በገባበት የሐምሌ ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ ግቢዋ ውስጥ ዐሥራ አንድ ርግብ ሞቶ አገኘች። መሕቡባ በአካፋ ስትለቅማቸው ቆማ አየች።

«ይኼን ያመጣነው እኛው ነን» አለች። «እኔ በየቀኑ የአውሮፕላን ጢስ ነው የምሸጠው።»

መሕቡባ ሙቀቱ ያናገራት መስሏት ውኃ አመጣችላት። አንፋል ግን በወሩ ሥራዋን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ላይ እግሯን አላሳረፈችም። ሚርቃብ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራየችና «ደርብ» ብላ ሰየመቻት፤ በዐረብኛ መንገድ ማለት ነው። ሐሳቧ ሴቶችን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመርከብ ሩቅ አገር ማድረስ ነበር። ቀስ ብሎ መሄድ፣ በየደረሱበት ካገሬው ገዝቶ መብላት፣ ሰማዩን በጢስ ሳይበክሉ መመለስ። ዘመዶቿ ሳቁባት። «አውሮፕላን ሞልቶ በአውቶቡስ?» አሏት። በሁለተኛው ዓመት ግን መዝገቧ ላይ አርባ ሴት ነበር።

መሕቡባ ሥራው ውስጥ የገባችው በኩሽና በር ነው ማለት ይቻላል። ስንቁን የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ለስንት ሰው ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ሳትጽፍ ታውቃለች። የትኛው ምግብ በሙቀት እንደሚበላሽ፣ የትኛው ሳምንት እንደሚቆይ፣ እግሩ ላበጠ መንገደኛ ምን እንደሚደረግለት ታውቃለች። አንፋል ይኼን ታያለች፤ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀችም።

የጠየቀችው በመጋቢት ነው፣ ከፈይለካ ደሴት ሲመለሱ።

ዐሥራ አራት ሴቶች ሆነው በአንድ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ተሻግረው ነበር። ማማ ሉልዋም አልቀርም ብለው መጥተዋል፤ አባታቸው ድሮ ወደ ሕንድ ቴምር፣ ከሕንድ እንጨት የሚያመላልስ መርከበኛ ስለነበር ባሕር ሲሉ አይቻላቸውም። መሄዱ ሰላም ነበር። ሲመለሱ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሰማዩ ድንገት ቀላ። ነፋሱ ከበረሃው አቧራ ይዞ መጣና ከተማውን ከዓይናቸው ሰወረባቸው። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ባለጀልባው ወደ ሞተሩ ጉድጓድ ወረደ። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን መምታት ሲጀምር ከሴቶቹ አንዷ «ውኃ ይገባል» ብላ ጮኸች፤ ይኼኔ ሁሉም ተነስተው በአንድ ወገን ወደ መከታው ሮጡ። ጀልባዋ ዘመመች።

መሕቡባ በዚያች ቅጽበት ደሟ ቀጥ አለ። ሌላ ባሕር፣ ሌላ ጀልባ፣ ሌሎች የሚሮጡ እግሮች ታዩዋት። አፏ ግን ቀደማት።

«ቁጭ በሉ!» አለች በዐረብኛ፣ ከራሷ የወጣ በማይመስል ድምፅ። «ማንም አይቁም! ቁጭ በሉ፣ ወለሉ ላይ!»

ቀጥላ አጠገቧ ያለችውን ሴት ትከሻዋን ይዛ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ሁለተኛዋን በቀሚሷ ጎተተቻት። ግማሾቹን በእንፉቅቅ ወደ ሌላው ወገን አዛወረቻቸው፣ ማማ ሉልዋን መሐል አድርጋ ክንድ ለክንድ አቆላለፈቻቸው፣ ጮክ ብለው እንዲቈጥሩ አዘዘቻቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚቈጥር ሰው አይሮጥም። ጀልባዋ ተቃናች። አራት መቶ ሲደርሱ ሞተሩ ተነሳ።

ወደብ ላይ አንፋል ክንዷን ያዘቻት። «ይኼን የት ተማርሽው?»

«ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት» አለች መሕቡባ። «እኛ አገር፣ ወሎ፣ ሐይቅ አለ።»

ውሸት ነበር። ያደገችው ውኃ በአህያ ከሚቀዳበት ከባቲ ቆላ ነው።

ውሸቱ ያለችግር አለፈ፤ ያቺ የጀልባ ቀን ግን ሌላ መዘዝ አመጣች። በመስከረም አንፋል ኩሽና ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ይኼን አድርጋ አታውቅም። በኅዳር ትልቁ ጉዞ እንደሚነሳ ነገረቻት፤ በአውቶቡስ እስከ ሪያድ፣ ከሪያድ በባቡር ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ዮርዳኖስ። ለሴቶቹ ረፊቃ ያስፈልጋቸዋል፤ የመንገድ ጓደኛ፣ የምትጠብቃቸው፣ ያቺን የጀልባ ቀን እንዳደረገችው የምታደርግ።

«አንቺን ነው የማስበው» አለች። «ስምሽ በጉዞው ወረቀት ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያ ርዳታ ትማሪያለሽ። ይኼ ሙያ ነው መሕቡባ፣ የቤት ሥራ አይደለም። አገርሽ ስትገቢም ይዘሽው የምትገቢው።»

መሕቡባ በሠላሳ ዓመት ዕድሜዋ «ምን መሆን ትችያለሽ?» ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለአፍታ ልቧ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። አፍታው ግን አጭር ነበር።

«ፓስፖርትሽን ለሳዑዲ ቪዛ አስገባለሁ» አለች አንፋል እየተነሳች። «የዛሬ ሳምንት ሐሙስ አሻራ ልትሰጪ እንሄዳለን። ዐሥሩንም ጣት ነው የሚያነሱት።»

በሩ ሲዘጋ መሕቡባ የያዘችውን ሳህን ገንዳው ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። እንዳይወድቅባት ፈርታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ከአክስቷ ልጅ ከፈትያ ጋር ከባቲ ተነስታ በእግሯ ሄዳለች። የአፋርን በረሃ አቋርጣ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ተሻግራ፣ የመንን አልፋ ሳዑዲ ገብታለች። ጅዳ ውስጥ ዓመት ከሁለት ወር ሠርታ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ጠርጋ ስታባርር እሷም ተያዘች። እስር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስሟን ሲጠይቋት በሐሰት «ዘሀራ» አለች። ከዚያ አረንጓዴ ብርሃን የሚያበራ መስተዋት ላይ ዐሥሩንም ጣቷን አስቀመጡላት። «ተመልሰሽ ብትመጪ» አላት ወታደሩ፣ ጣቱን ወደ መስተዋቱ እየጠቆመ፣ «ይኼ አይረሳሽም።» ስም ይለወጣል፤ ዘሀራ መሕቡባ ትሆናለች። ጣት ምን ይደረጋል? ኩዌት የነዋሪውን ሁሉ አሻራ ባነሳች ጊዜ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም፤ የኩዌቱ ማሽን ግን አላወቃትም። የሳዑዲው ያውቃታል። በዚያ ላይ ኩዌት ከተሰማ ደግሞ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይሰረዛል፣ ማዳምም ወንጀለኛ አስጠግታ ተገኘች ትባላለች። እንዲህ ነበር የምታስበው።

በማግስቱ ዓርብ ነበርና ኸይጣን ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። እዚያ ሸዋነሽ የምትባል የሰላሌ ሴት አለች፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ኩዌት የቆየች፣ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። መሕቡባ እንደ ታላቅ እኅት ነው የምታያት። ስትገባ ሸዋነሽ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ማሚቴ ለምትባለው የክፍል ጓደኛዋ ሹሩባ ትሠራ ነበር።

«ፊትሽ ምነው አመድ መሰለ?» አለች ሸዋነሽ።

መሕቡባ በሩን ዘግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁሉንም ተናገረች። የሸዋነሽ ጣት በማሚቴ ጠጕር ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች በመጨረሻ። «ታምሜያለሁ በያት።»

«ስንቴ እታመማለሁ እትዬ? ጉዞው በየሦስት ወሩ ነው።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪያት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም ትዪ የለ?»

ማሚቴ አንገቷን አዞረች። «እንዳትሞኚ። ዛሬ ክፉ አይደለችም። ነገ ወዳስቀጠረሽ ኤጀንሲ፣ ወደ መክተብ ትመልስሻለች፣ ከመክተብ ወደ አውሮፕላን። እኔ የማውቃት ልጅ አሻራዋን በአሲድ ነው ያጠፋችው። የመጸዳጃ ቤት ቱቦ ሲደፈን የሚፈስበት አለ አይደል? ጣቷን ነከረችበት፣ ለሰለሰ። ማሽኑ ማንበብ አቃተው።»

«ተይ አንቺ፣ እመቤቴን!» አለች ሸዋነሽ። «ሰውን እንዲህ ይመክሩታል?» ዘወር ብላም የመሕቡባን እጅ ያዘች። «አትስሚያት። ልጄ፣ እጅ ያለው ሰው የትም ሠርቶ ይበላል። እጅሽን እንዳትነኪ።»

መሕቡባ «እሺ» አለች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሸዋነሽ ያለችውን ረስታ ማሚቴ ያለችውን ነበር የምታሰላስለው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ከሁለት ምክር የባሰውን ይመርጣል።

ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ አንፋል ቢሮ፣ ማማ ሉልዋ ክፍላቸው ሳሉ፣ ከኩሽናው ገንዳ ሥር ያለውን ጠርሙስ አወጣች። ለስኒ ማስቀመጫ በምትሆን ትንሽ ሳህን ቀዳች። ሽታው ዓይኗን አስለቀሳት። ቢስሚላህ ልትል አፏን ከፈተች፤ ለዚህ ሥራ ቢስሚላህ አይባልም ብላ መልሳ ዘጋችው። የግራ እጇን ሌባ ጣት ዝቅ አደረገች።

መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለ፣ ቀጥሎ እሳት ሆነ። ጥርሷን ነክሳ እስከ ዐሥር ልትቈጥር ነበር፤ አራት ላይ ማማ ሉልዋ ከክፍላቸው «መሕቡባ! የውዱእ ውኃ!» ብለው ጠሯት። እጇን ነጥቃ ቧንቧ ሥር አደረገች። ውኃው እየፈሰሰ ሳለ ዕንባዋም ይፈስ ነበር። አንድ ጣት ነው፤ ዘጠኝ ይቀራል። ዘጠኙን ስታስበው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሐሙስ ጠዋት አንፋል ይዛት ወጣች። አሻራ የሚነሳበት ቢሮ ሚርቃብ ውስጥ ነበር። አንፋል መኪናዋን ጥላ ፈልጋ አቆመችና ወረቀቷን ስትሰበስብ የታሰረውን ጣት አየች።

«ምን ነካሽ?»

«ዘይት ነው ማዳም።»

አንፋል እጇን ስባ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ጣቱ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ክብ ሆኖ፣ ተልጦ ነጭ ሥጋው ይታያል። ዘይት እንዲህ አያቃጥልም። አንፋል ዐሥራ ስድስት ዓመት ለመንገደኛ ሠርታለች፤ ስለ አሻራ የማትሰማው ወሬ የለም። ቀና ብላ አየቻት።

«ሳዑዲ ነበርሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

መሕቡባ አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። በረሃውን ነገረቻት፤ በሌሊት እየሄዱ ቀን ቀን በግራር ሥር መተኛቱን፣ ሁለት ሊትር ውኃ ለሦስት ቀን ማብቃቃቱን። ጀልባውን ነገረቻት። ሰባ ሰው ነበሩ። ሞተሩ ቆመና ሰው ሁሉ በአንድ ወገን ተነሳ፤ ጀልባዋ ስትዘም ዘጠኝ ሰው ባሕር ገባ፣ ፈትያ ዘጠነኛዋ ነበረች። መሕቡባ በቀሚሷ ይዛት ነበር፤ ቀሚሱ እጇ ላይ ተቀደደ። ስለ ሐይቁ የዋሸችውን ነገረቻት። አዳራሹን፣ አረንጓዴውን መስተዋት፣ ዘሀራን።

ሲያልቅ አንፋል ወረቀቷን ቦርሳ ውስጥ ከተተችና መኪናውን አስነሳች።

ወደ ደቡብ ነዳች። ወደ ሰልዋ የሚታጠፈው መውጫ መጣ፤ አልታጠፈችም። ወዴት ነው? መክተቡ በዚህ በኩል አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ይሆን? ወይስ እስከ ድንበሩ ወስዳ እንካችሁ ልትላቸው ነው? «ማዳም፣ ወዴት ነው የምንሄደው?» ልትል ፈለገች፤ መልሱን ፈርታ ዝም አለች። ቀስ ብላ የበሩን እጀታ በእጇ ነካካችው። መኪናው መቶ ሃያ ይሄዳል። የቁርኣኑን አያተል ኩርሲ እያነበነበች በየመሐሉ እየጠፋባት እንደገና ትጀምራለች። አረንጓዴው ሰሌዳ መጣ፣ አለፈ። ሌላው መጣ። ከዚያ አንፋል ወደ አቡ ሐሊፋ ታጠፈች፤ ከፎቆቹ መሐል ወጥታ ባሕሩ ፊት መኪናውን አቆመች።

ሞተሩን አጠፋች።

«ስንት ቀን ነው በእግራችሁ የሄዳችሁት?» አለች።

«እስከ ጅቡቲ ዐሥራ ሰባት። የመን ውስጥ አልቈጠርኩም።»

«እኔ ለሴቶች በመድረክ ላይ ቆሜ፣ ቀስ ብሎ በምድር መሄድ ሰውን ያሳምራል እላለሁ። አንቺ ከኋላ ቆመሽ ውኃ ስታድዪ እየሰማሽኝ ነበር።»

መሕቡባ የታሰረውን ጣቷን በቀሚሷ እጥፋት ሸፈነች።

«ተናድጃለሁ» አለች አንፋል። «በአንቺ ይሁን በራሴ አላወቅሁም። ላስብበት።»

ያሰበችበት ዘጠኝ ቀን ነው። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነሳችም። አንፋል ለጣቷ ቅባት ገዝታ አስቀመጠችላት፤ ከዚያ በቀር ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። መሕቡባ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ኋላ አቆመች። የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር በመስኮት ታጮልቃለች። ውኃ አምጪው ነው። ጎረቤት ናት። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ፖሊስ መስሏት ፎጣ ማጠቢያው ክፍል ገብታ ተደበቀች፤ ማማ ሉልዋ ራሳቸው ከፈቱለት። ምግብ አልወርድ አላት። «አትበዪም እንዴ?» ሲሏት «ጾም ነኝ» ትላለች።

በዐሥረኛው ቀን ቀትር ላይ እናትና ልጅ ሳሎን ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማች። ማማ ሉልዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። «አይሆንም» ይላሉ። «በዚያ በኩል አትሄድም። እኔ በሕይወት እያለሁ አትሄድም።» መሕቡባ በሩ ሥር ቆመች። ልትሄድ ነው የተባለችው እሷ መሰለቻት፤ አሮጊቷ ሊያስቀሯት የሚታገሉላት።

«ለዚያ መንገድ ባል ሰጥቻለሁ» አሉ ማማ ሉልዋ። «ልጅ አልጨምርም።»

ሳሎኑ ውስጥ የአንድ ጎልማሳ ፎቶግራፍ አለ። መሕቡባ ስድስት ዓመት አቧራውን ጠርጋለች። የማማ ሉልዋ ባል እንደሆነና እንደሞተ እንጂ ሌላ የነገራት የለም። የዚያን ቀን ሰማች። ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ፣ አንፋል የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ወታደሮች ሰውየውን ከቤቱ አውጥተው ከሌሎች ጋር በአውቶቡስ ጭነው ወደ ሰሜን ወሰዱት። አንፋል በመስኮት አይታለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አጥንቱ ከአንድ የጅምላ መቃብር ተለቅሞ በትንሽ ሣጥን መጣ። ሰውየው ከተወሰደ ወዲህ ከቤቱ ሰው ወደ ሰሜን፣ ከጀህራ ከተማ ወዲያ የሄደ የለም።

አንፋል ኩሽና ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። መሕቡባ በሩ ሥር እንደቆመች ደረሰችባት።

«ሰምተሻል» አለች። «በደቡብ ላሳልፍሽ አልችልም፤ አልዋሽልሽም። የሳዑዲው ጉዞ ሌላ ረፊቃ ይዞ ይሄዳል። በሰሜን ግን መንገድ አለ። እስከ ባስራ በአውቶቡስ፣ ከባስራ ባቡር አለ፣ ከዚያ በላይ ቱርክ። እዚያ ጣትሽን የሚያውቅ የለም።»

«ማዳም…»

«እኔ ያንን መንገድ ሠላሳ አራት ዓመት አልረገጥሁትም። ለመንገደኞቼ ስለ ሁሉም አቅጣጫ አወራለሁ፣ ሰሜንን እዘላለሁ። ብቻዬን አልችለውም። ትመጪያለሽ?»

መሕቡባ ኢራቅ ሲባል የምታውቀው በቴሌቪዥን ያየችውን ፍንዳታ ነው። በዚያ ላይ፣ ይኼ ሁሉ ልታባርራት የዘየደችው ቢሆንስ? ድንበር ካሻገረቻት በኋላ በሩን ብትዘጋባትስ? ሐሳቡ አሳፈራት፤ ግን መጣ። ሸዋነሽ «እውነቱን ንገሪያት» ያለችው ትዝ አላትና ያለውን ተናገረች።

«እፈራለሁ» አለች።

«እኔም» አለች አንፋል።

ቪዛው ሁለት ወር ፈጀ። ማማ ሉልዋ «ሂዱ» አላሉም። በመነሻው ጠዋት ብቻ መሕቡባን ጠርተው ሁለት እጇን ያዙ። «ልጄን ይዘሻት እንደምትሄጂ ይዘሻት ተመለሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጥር ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሆነው ከሚርቃብ ተነሱ። ጀህራን እስኪያልፉ አንፋል ማይክሮፎን ይዛ ታወራ ነበር። ከተማው አልቆ፣ መንገዱ ወደ ሙጥላዕ ኮረብታ ሲወጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ማይክሮፎኑን አስቀመጠችው። መሕቡባ ከኋላ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አንፋል በመስኮቱ አታይም፤ የፊት ወንበሩን ጀርባ ነው የምታየው። ትንፋሿ አጥሯል።

«በዚህ አልፈው ይሆናል» አለች በሹክሹክታ። «በዚህ አስፋልት። መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ውኃ ይስጧቸው አይስጧቸው አላውቅም።»

መሕቡባ «አይዞሽ» ልትል ነበር፤ ቀላል መሰለባት። «የእኔዋ ፈትያ ስትሄድ ምን እንዳለች አልሰማሁም» አለች። «ነፋሱ ነበር።» አንፋል ቀና ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ዐብደሊ በሚባለው የኢራቅ ድንበር ላይ ወረዱ። የኩዌቱ መኮንን ፓስፖርቷን አገላበጠ፣ ማኅተም አደረገበት። ከሜዳው ባሻገር፣ በኢራቁ በኩል፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። ወታደሩ ፓስፖርቷን አየና ጣቱን ወደ አንድ ሣጥን ጠቆመ። ሣጥኑ ላይ መስተዋት አለ። አረንጓዴ ያበራል።

ለመሕቡባ ይኼን ማንም አልነገራትም። አንፋልም አላወቀችም ነበር፤ ፊቷ ሲለወጥ አየችው። ከኋላቸው ዐሥራ ሰባት ሴቶች ተሰልፈዋል። ወታደሩ «ቶሎ» አለ። መሕቡባ እጇን አነሳች። አራቱን ጣት አስቀመጠች። ጠባሳ ያለባትን ጣት ማሽኑ አላነበባትም፤ ወታደሩ ድጋሚ አላት። ድጋሚ አስቀመጠች። ወታደሩ ስክሪኑን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ስልኩ ጮኸና አነሳው፣ ስለ ምሳ ተነጋገረ፣ ዘጋው። ከዚያ ማኅተሙን ፓስፖርቱ ላይ አሳርፎ ሳያያት መለሰላት።

«ቀጣይ» አለ።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ አራት ጊዜ በዚያው በር ወጥተው ገብተዋል። መሕቡባ የመጀመሪያ ርዳታ ተምራ ጨርሳለች። የጉዞው ወረቀት ላይ ስሟ «ረፊቃ» ተብሎ ይጻፋል፤ በትክክለኛ ስሟ። ኮንትራቷ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ገብታ፣ ሴቶችን በአውቶቡስና በጅቡቲው ባቡር ይዛ የምትዞርበትን ሥራ ልትጀምር ከሸዋነሽ ጋር ትመካከራለች። የሳዑዲውን መዝገብ ያጠፋላት የለም፤ ፍርሃቱም እንዳለ ነው። ማሽን ስታይ ግን እጇን ታስቀምጣለች።

ከመጀመሪያው ጉዞ የተመለሱ ቀን ማማ ሉልዋ ከግቢው በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ጠበቋቸው። ጎረቤት እንደነገራቸው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። አንፋል ከመኪናው ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። አሮጊቷ ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣ እንደሚገዙት ዕቃ፣ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ መረመሩት።

«መንገዱ ምን ይመስላል?» አሉ።

«አስፋልት ነው እማ» አለች አንፋል። «ግራና ቀኙ አሸዋ ነው። ግመል አለ።»

ማማ ሉልዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሕቡባ ሻንጣዎቹን አስገብታ ኩሽና ደረሰች፣ የቧንቧውን ውኃ ከፈተች። ይኼኔ ነው እግሮቿ የተንቀጠቀጡት፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የያዙትን ሁሉ አሁን የለቀቁት ይመስል። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለማቀዝቀዣው ሰጠች፣ መንቀጥቀጡ እስኪተዋት ጠበቀች።